የዳሽቦርድ መብራት ሲበራ ሴንሰር ከመግዛት በፊት፦ የከባድ መኪና ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ የመኪናውን ዓይነት፣ መመርመሪያ መሣሪያው የሚያሳየውን የብልሽት ኮድ ከነሁለቱ ቁጥሮቹና መብራቱ መቼ እንደሚበራ ጻፉልኝ። ቀይ የዘይት መብራት የበራበት ሰው ግን መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፋ፤ ከዚያ ይጠይቅ።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦ ጋሼ፣ ሲኖትራኬ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በርቷል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኮዱስ?

መካኒክ ከኮምቦልቻ፦ ቀይ የዘይት መብራት ይበራል። መመርመሪያው 100 እና 4 ያሳያል። ሴንሰሩን ቀየርኩት፤ አልጠፋም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ቦታውን፣ ሁለተኛው የችግሩን ዓይነት ይናገራል። 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ሁለተኛው 1 ቢሆን ግፊቱ በእርግጥ ወርዷል ማለት ነበር። 3 ቮልቴጁ ከልክ በላይ፣ 4 ከልክ በታች መሆኑን ያሳያል፤ 5 ደግሞ በአብዛኛው የተቋረጠ መስመር ነው። ስለዚህ ያንተ የኤሌክትሪክ ችግር ይመስላል። ያም ሆኖ በእጅ መለኪያ ግፊቱን ሳታረጋግጥ መኪናውን አትልቀቅ።

ሴንሰሩን ንቀል፤ ቁልፉን ክፈትና ሶኬቱ ላይ ለካ። 5 ቮልት መምጣት አለበት። ካልመጣ ያንኑ መስመር የሚጋሩትን ሌሎች ሴንሰሮች አንድ በአንድ ንቀል፤ አንዱን ስትነቅል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከመጣ ግን የምልክቱን ሽቦ ተከተል። ካቢናው የሚገለበጥበት ማጠፊያ አጠገብ ሽፋኑ ተፍቆ መዳቡ ብረቱን ይነካል፤ መብራቱም ጉድጓድ ሲያጋጥም ብቻ ይበራል። ይህን ሳያዩ ሦስተኛ ሴንሰር የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ሌላ አባል፦ ባትሪ ነቅሎ መመለስ ይሻላል፤ መብራቱ ይጠፋል።

መልስ፦ በብዙ መኪና አይጠፋም፤ ቢጠፋም የምንመረምርበትን መረጃ ይዞት ይሄዳል። ኮዱን ሳትጽፉ አታጥፉ።

ጥያቄ፦ የባትሪ መብራት?

መልስ፦ ሞተሩ እየሠራ ለካ። በ24 ቮልት መኪና ከ27 እስከ 28.5 ካልደረሰ ቺንጋውንና ዲናሞውን እይ።

ጥያቄ፦ ቴርሞስታቱን (የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጥቼ ነው የምነዳው፤ አፋር ላይ የሙቀት መብራት ለምን ይበራል?

አንጋፋ ሹፌር፦ በረሃ ላይ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? በድሮው የጭነት መኪና በኤን ትሬ ፊያት ዕድሜያችንን ያለ እሱ ነድተናል።

መካኒክ ከኮምቦልቻ፦ አባቴ፣ የዚያን ጊዜው ሞተርና የዛሬው አንድ ናቸው?

አንጋፋ ሹፌር፦ የዛሬው ሞተር ከኤን ትሬ እኩል ይቆይና እናያለን!

መልስ፦ ስለ ኤን ትሬ ሌላ ቀን ተከራከሩ። በብዙ ከባድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መልሰህ ግጠመው።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦ ጋሼ፣ ቢጫው መብራት አሁንም አልጠፋም።

መልስ፦ ኮድ፣ ወንድሜ! ሁለቱንም ቁጥር!

ጥያቄ፦ ሁሉም መብራት በአንድ ጊዜ ይበራል፤ መመርመሪያውም አይገናኝም።

መልስ፦ ባትሪውን ንቀልና የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩባቸው በሁለቱ የመገናኛ ሽቦዎች (CAN) መካከል ለካ። 60 ኦም አካባቢ ጤነኛ ነው። 120 ከሆነ በመስመሩ ሁለት ጫፎች ካሉት ሬዚስተሮች አንደኛው ወይም መስመሩ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል።

ጥያቄ፦ መመርመሪያው ስንት ብር ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልመልስም።