መጠጥ በሚነወርበት አገር የሆቴል ባር መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ስታዲየም አካባቢ ባለችው የጉዞ ቢሯችን ደንበኞች ትኬታቸውን ከተቀበሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «እዚያ ስደርስ አንድ ቢራ የት አገኛለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ ሳይጠይቁ በመሄዳቸው የተቸገሩ ሰዎችን ስላየሁ እንዲያውም ጮክ ብሎ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። በዚህ ሳምንት የቀረቡልኝን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ከመርካቶ ወደ ዱባይ ዕቃ ለማምጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ልሄድ ነው። ዴራ በተባለው የዱባይ ሰፈር የያዝኩት ሆቴል ባር ይኖረዋል?

መልስ፦ በሆቴሉ ስም ብቻ ማወቅ አይቻልም። ዱባይ ውስጥ መጠጥ የሚሸጠው ፈቃድ ባላቸው ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ብቻ ሲሆን፣ ዴራ ላይ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ሆቴሎች አንዱ ባር ሲኖረው የሌላው ባለቤት ግን ጠብታ የማያስገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክፍሉን ከማረጋገጥዎ በፊት ወደ እንግዳ መቀበያው ይደውሉና በቀጥታ ይጠይቁ፤ በየቀኑ የሚጠየቁት ነገር ስለሆነ አይቀየሙዎትም። ዕድሜዎ 21 ዓመት መሙላት አለበት። ዋጋውም ከእኛ አገር ጋር አይነጻጸርም፤ በብዙ ሆቴሎች አንድ ትልቅ ብርጭቆ ድራፍት ከ40 ድርሃም በላይ ያስወጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግዎ ጥንቃቄ ከባሩ ከወጡ በኋላ ያለው ነው። ሆቴል ውስጥ የተፈቀደው መጠጥ መንገድ ላይ ሲሆን ወንጀል ነው፤ ሰክሮ በአደባባይ መገኘትም እንዲሁ። መኪና ለሚያሽከረክር ሰው ደግሞ አንድ ብርጭቆ እንኳ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ክፍሉ ረከስ ይላል። እዚያ አድሬ ከዱባይ ጥቂት ቢራ ይዤ ብገባስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ሻርጃ ከዱባይ ጋር ድንበር የምትጋራ፣ በዚያው በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ ያለች ብትሆንም መጠጥን ፈጽማ የከለከለች ናት፤ ሆቴሎቿ አይሸጡም፣ ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ድንበሩን ሲያልፉ የሚያስቆምዎ ኬላ ስለሌለ ሕጉ የተለወጠ አይመስልዎትም፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በክፍሉ ኪራይ ያተረፉትን በቅጣት ከማጣት ዴራ ማደር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዶሃ ለሚኖረው ወንድሜ ከቦሌ አንድ ጠርሙስ ወይም የቤት ጠጅ ብወስድለትስ?

መልስ፦ አይቻልም። መጠጥ ወደ ኳታር ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ መሆኑም አያድነውም። ወንድምዎን መጋበዝ ከፈለጉ ፈቃድ ያለው ሆቴል ይሂዱ፣ ፓስፖርትዎንም ይያዙ። እኔ ራሴ አንድ ምሽት የፓስፖርቴን ቅጂ ብቻ ይዤ ባሩ ወዳለበት ፎቅ ወጣሁ። ስም ያልተጻፈበት ጥቁር በር አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ነበረ፤ ከኋላው የቆመው ወጣት ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ በትሕትና መለሰልኝና «ዋናውን ያምጡልን» አለኝ። ክፍሌ ተመልሼ አምጥቼ ነው የገባሁት። በረመዳን ወር ደግሞ የዶሃ ሆቴሎች መጠጥ ማቅረብ ስለሚያቆሙ፣ ጉዞዎ በዚያ ወር ከሆነ ከወዲሁ ይወቁት።

ጥያቄ፦ ኩዌትና ሳዑዲ ዐረቢያ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ በድብቅ የሚሸጥበት ቦታ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የትኛውም ደረጃ ያለው ሆቴል ለተጓዥ መጠጥ አይሸጥም። ሳዑዲ ዐረቢያ መጠጥን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሪያድ ላይ የተከፈተው መደብርም የታሰበው ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች እንጂ ለእኛ ዓይነቱ መንገደኛ አልነበረም። ኩዌትም ክልከላዋ ከ60 ዓመት ያላነሰ ነው።

አንድ ሰው ጥግ ይዞ «አለኝ» ቢልዎ ደግሞ ከሕጉ በፊት ስለ ሕይወትዎ ያስቡ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ኩዌት ውስጥ በድብቅ የተጠመቀና ሜታኖል የተባለ መርዛማ የአልኮል ዓይነት የተቀላቀለበት መጠጥ የጠጡ 23 ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል፤ ከተረፉትም ዓይናቸው የጠፋ አሉ። ሜታኖልን በማሽተትም ሆነ በመቅመስ ከተለመደው አልኮል ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ጉዳቱም ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ስለሚገለጥ ሰውየው ተራ ስካር መስሎት ይተኛል። ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛዬ የምነግረው ዘመድ ሬሳ ይዞ እንዲመለስ ስለማልፈልግ ነው። ያ ሳምንት በለስላሳና በሻይ ቢያልፍ ምንም አይጎድልብዎትም።

ጥያቄ፦ ጅቡቲስ?

መልስ፦ ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ቢሆንም መጠጥ አልተከለከለም፤ በከተማዋ ሆቴሎችና ባሮች ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ሙስሊም ነው፤ ቤቱ እራት ጋብዞኛል። ከዚያ በፊት ሆቴሌ ባር አንድ ብርጭቆ ብቀምስ ነውር ይሆን?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልቀምስም። እዚህ አዲስ አበባ ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥጋውን ለብቻ አሳርደን፣ በጠጁ ፋንታ ብርዝ አቅርበን እናስተናግዳለን፤ ይህን የምናደርገው ማንም አስገድዶን ሳይሆን እንግዳችን ሳይሳቀቅ እንዲቀመጥ ብለን ነው። እርስዎም በሰውየው ቤት፣ ከእናቱና ከልጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ የትንፋሽዎ ሽታ እንዳያሳቅቃቸው ይጠንቀቁ። ባሩን ለማግስቱ ያቆዩት። ባዶ እጅ መሄድ ከከበደዎ ደግሞ ከዚሁ አንድ ኪሎ የይርጋ ጨፌ ቡና ይያዙላቸው።