ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ለምን ተመለሰ?

እህቴ፣ የበሽተኛችን የትንፋሽ ቁጥር (በደቂቃ የሚተነፍሰው ብዛት በአንዴ ለሚስበው ሊትር ሲካፈል) 58 ነበር፣ የመተንፈሻ ቲዩቡን አወጣንለት፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ መልሰን አስገባን፣ ምን ሳናይ ቀረን ነው ያልሽው። እኔም ድሬዳዋ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ደርሶብኛል። በቅድሚያ አይዞሽ። በእቅድ ቲዩብ ከሚወጣላቸው ከ10 እስከ 20 በመቶው ቲዩቡ ተመልሶ ይገባላቸዋል።

ግን ቁጥሩን እንዴት ለካችሁት? ያንግና ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያወጡት በሽተኛው ያለ ማሽን ድጋፍ ለአንድ ደቂቃ እየተነፈሰ ነው። በደቂቃ 24 ጊዜ ተንፍሶ በአንዴ 400 ሚሊ ሊትር ከሳበ፣ 24 ሲካፈል ለ0.4፣ 60 ነው። 32 ጊዜ እያለከለከ 250 ብቻ ከሳበ 128 ይመጣል፣ ከ105 ስላለፈ ያሰጋል። ፕሬዠር ሳፖርት (ማሽኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚሰጠው ግፊት) 10 ላይ ከለካችሁት ግን ማሽኑ እያገዘው ስለሆነ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያምራል።

በደንብ ቢለካም ሳንባውና ጡንቻው ትንፋሹን ይችሉት እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግርሽ። አክታውን አውጥቶ መትፋት መቻሉን አይነግርሽም። ከማሽን መላቀቅና ከቲዩብ መላቀቅ ለየቅል ናቸው።

አንድ አባት ነበሩን። በራሳቸው የመተንፈሱን የ30 ደቂቃ ሙከራ በሰላም አለፉ። እኔ ግን ሌሊቱን በየሰዓቱ ሳክሽን (አክታ በማሽን መምጠጥ) ሳደርግላቸው ነው ያደርኩት፣ አክታቸው ወፍራምና የሚያጣብቅ ነበር። ጠዋት ሲወሰን አልተናገርኩም። ማታ ቲዩቡ ተመልሶ ገባ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ወረቀት እይዛለሁ። ከቲዩቡ አፍ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አርቄ ሦስት አራቴ እንዲያስሉ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ከረጠበ ሳላቸው ጉልበት አለው። ደረቅ ከሆነ ማንም ቢቸኩል ለሐኪሙ እናገራለሁ።

ደግሞ ነቅቶ መታዘዙን ለማየት ዓይን ክፈት፣ በዓይንህ ተከተለኝ፣ እጄን ጨብጥ፣ ምላስህን አውጣ ስትይ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። እዚህ በአማርኛ ታዞ ዝም ያለ ሰው «አይታዘዝም» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ልጁ ገብታ በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ ስትጠራው ወዲያው እጇን ይጨብጣል። ይሄን ስንት ጊዜ አየሁ!

ቲዩቡ ብዙ ቀን ከቆየ ከፉን (ቲዩቡን ውስጥ የሚያሽገውን ፊኛ) አርግባችሁ በቲዩቡ ዙሪያ አየር ማለፉን እዩ፣ ካላለፈ ጉሮሮ አብጦ ሊሆን ይችላል። ልብ ድካም ካለበትም በሰውነቱ የተጠራቀመው ውኃ ሳይቀንስ አትቸኩሉ።

ለመሆኑ የእናንተ በሽተኛ ሌሊቱን ስንት ጊዜ ሳክሽን ተደረገለት? ያደረችውን ነርስ ጠይቂያትና እዚሁ ጻፊልኝ።