አለቃ ሲያገለግል ሠራተኛው ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ከፊልድ ሠራተኛነት እስከ አስተባባሪነት ሠርቻለሁ። ስለ አገልጋይ መሪነት፣ ማለትም አለቃው ሠራተኞቹን በማገልገል ስለሚመራበት መንገድ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ከየት መጣ?

መልስ፦ በዚህ ስም የጻፈበት አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ.። መለኪያው ደስ ይለኛል። ከመሪው ሥር ያሉት ሰዎች አድገዋል ወይ? በራሳቸው መቆም ችለዋል ወይ? በተራቸውስ ሌላውን ያገለግላሉ ወይ?

ጥያቄ፦ የሠራተኛውን ጠባይ የምር ይለውጣል?

መልስ፦ ይለውጣል። መጀመሪያ የሚለወጠው ደግሞ እውነት መናገር ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወረዳ ላይ ለ40 ሰው ሥልጠና አዘጋጅተን የመጣው 23 ነበር። የቀድሞው አለቃዬ እንዲህ ሲያጋጥም «አስተካክዪው» ይለኝ ነበር፤ ቁጥሩን ሙሉ አስመስለሽ ጻፊ ማለቱ ነው። ስለዚህ የፊርማውን ወረቀት ለአዲሷ አስተባባሪ ስሰጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየችውና «ሌሎቹ ለምን ቀሩ?» አለችኝ። ለካ የገበያ ቀን ነበር። ቀኑን ቀየርን፤ ገንዘቡን ለሚሰጠን ዶነርም (ለጋሽ) የሆነውን ራሷ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር እንኳ ደብቄያት አላውቅም። ማንም ሳያዘኝ አዲስ ገቢዎችን ማለማመድ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ሰው በሥራ መዘርዝሩ ላይ ያልተጻፈውን የሚሠራው አለቃውን ሲያምን ነው።

ጥያቄ፦ ደሞዝ ካልጨመረ፣ ኮንትራቱም ከፕሮጀክቱ ጋር ካለቀ፣ ጥሩ አለቃ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ደግነት የቤት ኪራይ አይከፍልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ላይ ስለገደበ አለቃውም እጁ አጭር ነው። ግን ፈንዱ እንደማይታደስ እያወቀ እስከ መጨረሻው ሳምንት ዝም የሚል አለቃ በጣም ያናድደኛል። ቀድሞ መናገር ምንም ወጪ የለውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በጊዜ መጻፍም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ለሠራተኛው ዝቅ ያለ አለቃ አይናቅም?

መልስ፦ አይናቅም። የሚናቀው የተጠቃሚው ገንዘብ ሲጎድል አይቶ የሚያልፈው ነው። እሱ ሠራተኛውንም ሕዝቡንም አላገለገለም።

ጥያቄ፦ እዚህ ሲዳማ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ! አፊኒ የሚባል የሲዳማ ባህላዊ የምክክር ሥርዓት አለ። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማና ሳይመከርበት ውሳኔ የለም። ቢሮሽ ውስጥ መሞከር ከፈለግሽ የሰኞውን ስብሰባ ከሹፌሮቹ ጀምሪ። የመንገዱንም የሕዝቡንም ሁኔታ ከሁላችን ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።