ትልቅ ጎማ ለትንሽ አውሮፕላን፦ ጠይቁኝ

የትንንሽ አውሮፕላን ጎማና ፍሬን ስፈታና ስገጥም ዓመታት ተቆጠሩ። ሰሞኑን ስለ ወጣ ገባ ሜዳ ጥያቄው ስለበዛብኝ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ሴስና 172 አለኝ። የማርፍበት ሜዳ ድንጋይና ጉድጓድ ነው። 6.00-6 ጎማዬን በ8.50-6 ብቀይረው ምን አገኛለሁ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብበው። የፊተኛው የጎማው ወርድ ነው፣ በኢንች፣ በግምት። ከሰረዙ በኋላ ያለው 6 ደግሞ የቸርኬው ልክ ነው። ወርዱ ይለያያል እንጂ ቸርኬው አንድ ነው።

ዋናው ጥቅም ግን ያለው ንፋሱ ላይ ነው። አንድ ጎማ 450 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። በ30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ መሬት የሚነካው 210 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ወደ 15 ብታወርደው እጥፍ ይሆናል። ጭቃው ላይ አይሰምጥም፣ ጠጠሩንም ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ትንሹን ጎማ እንዲህ ብታተነፍሰው ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ትልቁ ጎማ የሚገዛልህ ንፋስ የመቀነስ ነፃነት ነው። ገዝተህ እንደ ድንጋይ ካጠነከርከው ግን ትርፉ በአብዛኛው ክብደት ነው።

ከኋላ ያሉትን ዋናዎቹን ጎማዎች ብቻ ቀይሬ የአፍንጫውን ብተወውስ? ወጪው በዛብኝ።

እህቴ፣ ይሄኛው አይመከርም። ከኋላ ከፍ ሲል አፍንጫው ይደፋል፣ ፕሮፔለሩም ወደ ጠጠሩ ይቀርባል። በአሜሪካ የትንንሽ አውሮፕላን ደንብ፣ የአፍንጫ ጎማ ላላቸው፣ በፕሮፔለሩና በመሬቱ መካከል ቢያንስ 7 ኢንች እንዲኖር ይጠየቅ ነበር። ያውም ለደህና ሜዳ! በዚያ ላይ ለስላሳ መሬት ላይ ቀድሞ የሚሰምጠው ያ ትንሹ የአፍንጫ ጎማ ነው። የአፍንጫውንም ስትቀይሪ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሹካ አብሮ ይቀየራል። ወጪው የሚበዛው እዚህ ጋ ነው፣ እውነትሽን ነው።

ትልቁን ካስገባሁ ወዲህ ፍሬኑ ሰነፈብኝ። ዘይቱ ይሆን?

ዘይቱን እይ፣ ግን ዲስኩ ያው ሆኖ ጎማው ማደጉን አትርሳ። የጎማው ቁመት በ20 በመቶ ሲጨምር መሬት ላይ የሚደርሰው የፍሬን ጉልበት 17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጠንከር ያለ፣ ባለ ሁለት ፒስተን ፍሬን የሚገጥሙት ለዚህ ነው።

ንፋሱን እስከ ስንት ላውርድ?

ጎማውን ለአውሮፕላንህ የፈቀደው ሰነድ የሚለውን ያህል። ከዚያ በታች ከወረድክ ፍሬን ስትይዝ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል። የውስጥ ጎማው አብሮ ይዞርና ቫልቮላውን ከሥሩ ይቆርጠዋል። አንድ ጊዜ የፈታሁት ላይ ቫልቮላው በቢላ የተቆረጠ ነበር የሚመስለው።

መላው ቀላል ነው። ከጎማው ወደ ቸርኬው አንድ ቀይ የቀለም መስመር አስምር። ከበረራ በፊት እይው። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ዞሯል ማለት ነው፣ እንዳትነሳ። አላስካ ላይ የሚያዘወትሯቸው 31 ኢንች ጎማዎች ቫልቮላቸው ከራሱ ከጎማው ጋር የተሠራ ስለሆነ ከ10 ፒኤስአይ በታችም ይሠራሉ።

ፍጥነት ይቀንሳል?

አዎ። የጎማውን ፓራፋንጎ ስለምታወልቅ ጭምር፣ ጥቂት ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ይሄዳል።

ወረቀት ያስፈልጋል ወይስ ገጥሜ ልብረር?

ኧረ በጭራሽ! ለዚያ ሞዴል የጸደቀ የማሻሻያ ፈቃድ፣ ኤስቲሲ የሚሉት፣ ያስፈልግሃል። ክብደቱና ሚዛኑም እንደገና ይሰላል። የጨመርከው ኪሎ ከጭነትህ ላይ ነው የሚቀነሰው።

የእኔ ባለ ጅራት ጎማ ነው። ቶሎ ይነሳል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። የፊቶቹ ሲረዝሙ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ክንፉም ገና መሬት ላይ ሳለ ነፋሱን በሰፊ ማዕዘን ይቀበላል። በዚያው ልክ ፊት ለፊትህን ማየት ይከብድሃል፤ ስትንከባለል ግራ ቀኝ እየተጠማዘዝክ ሂድ። አስፋልት ላይ ደግሞ አታብዛው፣ ለስላሳው ጎማ እንደ ላጲስ ነው የሚያልቀው።