ሞተርና መንገድ፦ «ሐረጎን ሞተር አጥፍቼ ብወርድ ምን አለበት?»

የገና በዓል እየቀረበ ስለሆነ ከመጡት ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ላሊበላ መንገድ ነው። ስለ ስቲከርና ስለ ማርሚታ ድምፅ የጠየቃችሁኝ ልጆች ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ ሄዶ የሚመልሰውን እናውራ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፈው ከሃይቅ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል አለኝ። ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ግን ከደሴና ከመርሳ አልፌ አላውቅም። ዘንድሮ ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ለገና ላሊበላ ልሄድ አስቤያለሁ። ምን ላዘጋጅ? ሌላው ደግሞ፣ አንድ ጓደኛዬ ቁልቁለት ሁሉ ሞተር አጥፍቶ ነው የሚወርደው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን እንኳ። ቤንዚን ይቆጥባል ይላል። ምን አለበት?

መልስ፦ ከጓደኛህ ልጀምር። ቤንዚን ይቆጥባል፣ አልዋሸም። የሚቆጥበው ግን አንድ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ሞተሩ ማርሽ ገብቶ እየሠራ ሲወርድ ጎማውን እሱ ራሱ ይይዝልሃል። አጥፍተህ ፍሪሲዮን ስትይዝ ግን ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ይወድቃል። አብዛኛው ቦክሰር ደግሞ ከፊትም ከኋላም ሸራ እንጂ ዲስክ የለውም። ሸራ ሲግል መያዙን ይተዋል። ትጨብጠዋለህ፣ እጀታው እስከ መጨረሻው ይመጣልሃል፣ ሞተሩ ግን መንገዱን ይቀጥላል።

እኔ ራሴ በጎረምሳነቴ በተዋስኩት ሞተር፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭኜ ይኼንኑ አድርጌያለሁ። ሐረጎ መሃል አንዱ ጥምዝ ላይ ፍሬኑ ሄደ። ያዳነኝ ለመንገድ ጥገና ከዳር የተከመረ ጠጠር ነው። ጤፉ ተበተነ፣ እኔ ተረፍኩ፣ የተቃጠለው ሸራ ሽታ ግን እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም። የሞተሩን ባለቤት ምን ብዬ እንደታረቅኩት አትጠይቀኝ።

የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣው ከሆነ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው። ፍሬን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፤ እግርህን ፔዳሉ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። ጥምዝ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ፍጥነትህን ጨርስ።

አሁን ወዳንተ ጉዞ። ከሃይቅ ወልድያ 90 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከወልድያ በጋሸና በኩል ላሊበላ ወደ 180። መሄጃው ብቻ 270 ገደማ መሆኑ ነው። ታንከርህ 11 ሊትር አካባቢ ይይዛል፤ ሰው ጭነህ አቀበት ስትወጣ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ብታገኝ እንኳ በስሌት ያደርስሃል። ስሌቱን ግን ለመንገዱ አትንገረው። ወልድያ ቤንዚን ካገኘህ ሙላ፣ ቢጎድልም ባይጎድልም ሙላ።

ከመነሳትህ በፊት ሸራውን አስፈትሽ። ከጎማው መሃል ፍሬኑን የሚያዞረው ክንድ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ፍሬን ስትይዝ ቀስቷ ከምልክቱ ካለፈች ሸራው አልቋል ማለት ነው። «ገና ይሠራል» የሚል መካኒክ ከገጠመህ አመስግነህ ሌላ ጋ ሂድ። ጎማውን እየው። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት ይናገራሉ። ጥርሱ ቢኖርም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ባለቤትህን አትጫንበት። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለካ፤ ሁለት ሰው ሲጫን የኋላው ጎማ የሚፈልገው ከፍ ያለ ነው፣ ልኩ የሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። የኋላውን ሞላ አንድ ሁለት ደረጃ አጥብቀው። ካቴናውን ደግሞ ባለቤትህ ተቀምጣ እያለች ነው መለካት ያለብህ፣ ምክንያቱም ኋላው ሲጫን ካቴናው ይወጠራል፤ ባዶውን በልኩ ያደረግከው ሰው ሲቀመጥበት እንደ ክራር ጅማት ይሆናል።

ዕቃ ቀንስ። ከባዱ ነገር ዝቅ ብሎ ወደ ሰውነታችሁ ይጠጋ። ፖርቶመጋላው ላይ ከኋላ አርቀህ የቆለልከው አቀበት ላይ የፊቱን ጎማ ያቀልብሃል፣ መሪው ይዋኛል። ማሰሪያ መግዛት አያስፈልግህም፤ ያረጀ ከመነዳሪ በረጅሙ ሰንጥቀህ እሰርበት፣ ከእሱ የሚሻል አላየሁም።

ስለ ባለቤትህ አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየመኝ። በጎን አትቀመጥ፣ እግሯን ለያይታ ትቀመጥ። ሱሪ ትልበስ። ነጠላዋን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ትክተተው፤ ላሊበላ ስትደርሱ አውጥታ ትልበሰው፣ ያን ጊዜ ያምርባታል። የነጠላ ጫፍ ጎማና ካቴና መሃል ሲገባ ሰው ይጎትታል፣ አንገት ያንቃል። ጋቢም፣ ሽርጥም፣ ረጅም ሻርፕም እንዲሁ። ሄልሜት ደግሞ ለሁለታችሁም፣ ላንተ ብቻ አይደለም።

ጋሸና ብርዱ ሌላ ነው። ከጃኬትህ ስር ደረትህ ላይ ጋዜጣ ዘርጋበት፣ ንፋሱን ይሰብራል። ከጓንትህ ውስጥ ስስ ፕላስቲክ ጓንት አድርግበት። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ከመሄድህ ሳምንት ቀደም ብለህ ባለቤትህን ጭነህ፣ ዕቃህን አስረህ ወልድያ ደርሰህ ተመለስ። የሚላላው ቡለን ይላላል፣ የሚያንጠባጥበው ያንጠባጥባል፣ እሷም ወገቧ ይችል እንደሆነ ታውቀዋለች። ካልቻለች እሷን በአውቶቡስ ላካት፣ አንተ በሞተር ሂድ። ማታ አትንዱ። የመንገዱን ሁኔታም በዚያው ሳምንት ከሹፌሮች ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። ሞተሬ ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ደሴ ስወጣ ግን ይደክማል፣ ቦሩ ሜዳ ስደርስማ ይለምናል። መካኒኩ «ፒስተኑ አልቋል፣ ይፈታ» አለኝ። ላስፈታው?

መልስ፦ ቆይ፣ አታስፈታው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተርም እንደኛው አየር ነው የሚተነፍሰው። በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበቱ ሩቡን ያህል አጥቷል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የጦሳ ተራራ ጥፋት ነው።

ችግሩ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ። ካንዴላውን ንቀለው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ አንድም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፣ አንድም ካርቡራተሩ ለከፍታው አልተስተካከለም። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ይግላል። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በላምባ ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ትንሽ ዘይት ጠጥቶ ይመለስ። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ጎማውን አንስተህ በእጅህ አሽከርክረው፤ ፍሬኑ እየያዘ ስንቱን ሞተር «ሞተ» እንዳስባለ እኔ አውቃለሁ።

ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጄት፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ አሳንሶ ለደሴ ማስማማት ይቻላል። ግን አንተ በሥራህ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የምትወርድ ከሆነ አታስነካው። ለደጋ የቀነሰው ቤንዚን ቆላ ሲወርድ ያንሰዋል፣ በዚያ ሙቀት ሞተሩን ይጠብሰዋል።

ጥያቄ፦ ከውጫሌ ነኝ። ረክሶ ስላገኘሁት የመኪና ዘይት ቀየርኩለት። አሁን ነዳጅ ስሰጠው ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ምን ሆነብኝ?

መልስ፦ ፍሪሲዮንህ እየተንሸራተተ ነው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል የፍሪሲዮኑ ሸራ የሚሠራው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ብዙ የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ነገር ተጨምሮበታል፤ ለመኪና ጥሩ ነው፣ ላንተ ፍሪሲዮን ግን ሳሙና ነው። አፍስሰው። በምትኩ የባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት ግዛ፣ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ይኑርበት፤ ቁጥሩን፣ ለምሳሌ 20ደብሊው50፣ ከመመሪያህ ጋር አመሳክረው። ትንሽ ከነዳኸው በኋላ ካልተመለሰ ሸራዎቹ ተቃጥለዋል፣ ይቀየራሉ።

የውጫሌ ልጅ ሆነህ ግን ሳታነብ ትገዛለህ? በ1881 እዚያው የተፈረመው ውል እኮ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነበር። የዘይት ጣሳም ፊቱ ላይ በትልቁ የሚለው አንድ ነው፣ ጀርባው ላይ በደቃቁ የሚለው ሌላ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባቲ አካባቢ የምሠራ ነርስ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሰጥቶኛል፣ ደስ ብሎኝ ነው የምነዳው። የሚያስጨንቀኝ ግን ጎማ ነው። ከዋናው መንገድ ስወጣ እሾህ ብቻ ነው፣ ጎሚስታ ደግሞ የለም። ሴት ብቻዋን መጠገን ትችላለች?

መልስ፦ ቁስል ለሚሰፋ እጅ ይሄ ቀላል ነው፣ እህቴ። ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ነው የሚጠይቀው። መጀመሪያ ቤትሽ፣ ጥላ ስር፣ ቡና እየተፈላ ሁለት ጊዜ ተለማመጂው። በረሃ መሃል የመጀመሪያሽ አይሁን።

የምትይዢው፦ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ለጎማው ዳዶ የሚሆን ቁልፍ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ። መንገድ ላይ ከመለጠፍ መቀየር ይፈጥናል፤ የተበሳውን ማታ ቤትሽ ለጥፊው። ስትለጥፊ ከመነዳሪውን በሸካራ ነገር ፈግፍጊ፣ ማስቲሹን ቀቢና ጠብቂ። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እርጥብ ሳለ ይለጥፉታል። በጣትሽ ስትነኪው የማይጣበቅ ሲሆን ነው የሚለጠፈው።

ጎማው አልወጣ ብሎ ከታገለሽ ብረቱን ካስገባሽበት በተቃራኒ ያለውን ጎን በጉልበትሽ ተጭነሽ ወደ ቸርኬው መሃል ጉድጓድ አስገቢው። ያን ጊዜ ይላላል። አዲሱን ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሺው፣ በባዶ እጅ አይደለም። የግራር እሾህ ተሰብሮ እዚያው ይቀራል፤ እሱን ሳታወጪ የገጠምሽው ከመነዳሪ አንድ ኪሎ ሜትር አይሄድም። ሲገባ ትንሽ ንፋስ ይኑርበት፣ እንዳይጠመዘዝና በብረቱ እንዳይቆነጠጥ። ቫልቩ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከጨረስሽ በኋላ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ያዢና መያዙን እይ፣ ከዚያ ንጂ።

ሰኞ ሰኞ ገበያ ቀን ከሆነ ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ጥሩምባ አትንፊ። ይደነግጣል፣ የሚሸሸውም ወዳንቺ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከወረኢሉ። ካቴና በየጊዜው ያልቅብኛል። የተቃጠለ ዘይት ሁልጊዜ እቀባለሁ እኮ!

መልስ፦ የጨረሰው እሱ ነዋ። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ የብረት ደቃቅ አለ፣ የጠጠሩ መንገድ አቧራ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ሞረድ ሆነ። በላምባና በብሩሽ እጠበው፤ በቤንዚን አይደለም፣ ጎማ ቀለበት ያለው ካቴና ከሆነ ቀለበቱን ይበላዋል። ከዚያ ንጹህ የካምቢዮ ዘይት ቁጥር 90 ማታ ከሥራ ስትገባ፣ ካቴናው ገና ሞቆ ሳለ፣ ከውስጥ በኩል በስሱ ቀባው። ትርፉን ጥረገው። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ክረምት ከሆነ ቶሎ ቶሎ።

ያለቀ መሆኑን ለማወቅ ከኋላው ባለጥርስ መሽከርከሪያ ላይ ወደ ኋላ ሳበው። የጥርሱ ግማሽ ከታየህ ይቀየር፣ ከፊትና ከኋላው ባለጥርስ መሽከርከሪያ ጋር አብሮ። አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የማያያዣው ክሊፕ የተዘጋ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት ይሁን፤ ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ነክቶት ይወልቃል። አንድ ትርፍ ማያያዣም ኪስህ ይኑር፣ ክብሪት ታክል ናት።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፣ ከከሚሴ። ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፣ ሞተር ግን አልተውኩም። ቤንዚን ስለሚጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከኋላ አስሬ ነው የምሄድ። ይፈሳል፣ ምን ላርገው?

መልስ፦ አባቴ፣ ያውርዱት። ከማርሚታው በላይ ቤንዚን እያንጠባጠበ መሄድ ጉዞ አይደለም። የግድ ካሉ ሁለት ሊትር ብቻ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን። አፉ ድረስ አይሙሉት፣ ቆላ ሲወርዱ ያብጣል። ሲጋራም ካለ፣ እሱንም እዚያው ከሚሴ ይተዉት።