የሲጋራ ወረቀቱ ነገር እውነት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተረጎመ ሲባል ሰምቼ ለጓደኞቼ ባወራቸው ሳቁብኝ። ተረት ነው እንዴ? — ሄለን፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ተረት አይደለም፣ ሄለንዬ። አሁን አንቺ ሳቂባቸው።

ነቢይን ያሰረው ደርግ ነው፤ ገና ወጣት ሳለ ገብቶ ስምንት ዓመት ገደማ ታስሯል። እዚያ ውስጥ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የማርጋሬት ሚቼል ልብወለድ («ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») አንድ ቅጂ ተገኘ። አንድ መጽሐፍ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ክፍሉ ደግሞ በሰው የታጨቀ! ስለዚህ ነቢይ እየተረጎመ ያነብላቸው ጀመር። ወረቀት ግን ከየት ይምጣ? የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችውን ስስ ወረቀት ታውቂያታለሽ፣ በአንድ በኩል ብር የምትመስል፣ በሌላው ነጭ። በነጩ በኩል ነው የጻፈው፣ በደቃቅ ፊደል፤ 3,000 ያህል ወረቀት ፈጅቷል። እስረኛ ሲፈታ ጥቂቱን አጣጥፎ በሲጋራ ፓኬት ይዞ ይወጣል። የሲጋራ ፓኬት ማን ይጠረጥራል? ነቢይ ራሱ ሲፈታ ደግሞ በየሰዉ እጅ የተበተነውን እየዞረ ለቃቀመ፤ በመጨረሻም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። አዲስ አድማስ ጋዜጣን ለዓመታት በዋና አዘጋጅነት የመራው ሰውዬ ማለት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ብልሃቱ ብቻ አይደለም። ጸሐፊ የሚታሰረው ከአንባቢ እንዲቆረጥ ነው አይደል? እዚህ ግን አንባቢው እዚያው አጠገቡ ተኮልኩሎ «ከዚያስ?» ይለዋል። እንዲህ ያለ አንባቢ ውጭም አይገኝ (እኔ ለምሳሌ የለኝም)።

ብቻ ታሪኩን ስታወሪ እስር ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እንዳታስመስዪው አደራ። በዚያ ዘመን ከየክፍሉ ሌሊት ስማቸው ተጠርቶ ወጥተው ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ስንት ጸሐፊ እንደነበር ማን ቆጥሮ!

ጥያቄ፦ «ኦሮማይ» በድብቅ የታተመ መጽሐፍ ነበር? በዓሉ ግርማስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር? — አንባቢዎ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለሁለቱም መልሱ የለም ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ በኩል በይፋ ነው የወጣው። ደራሲው በዓሉም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ሳንሱር የሚያደርገውም ያው መሥሪያ ቤት ነው። በቀይ ኮከብ ዘመቻ (ደርግ በኤርትራ አማፂያን ላይ ባካሄደው ዘመቻ) ጊዜ አስመራ ሄዶ ያየውን ነው የጻፈው። የደርግ ሰዎችን ያበሳጫቸው ይህ ይመስለኛል፤ የውጭ ሰው ቢሆን ጠላት ነው ብለው ያልፉት ነበር፣ እሱ ግን የቤት ሰው ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ክስ የለ፣ ችሎት የለ፣ አስከሬን የለ። ቤተሰቡ ቁርጡን እንኳ የሚነግረው አላገኘም።

መጽሐፉን ካላነበቡት ዛሬ በየመጽሐፍ መደብሩ አለ። እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ልጆች ካሉዎት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተተርጉሞ ወጥቷል።