ጥያቄና መልስ፦ መደበቅና መሹለክለክ በእንግሊዝኛ

ሰላም ለሁላችሁም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማስጠናቸው ተማሪዎች ሰሞኑን አንድ ምንባብ ላይ ተቸገሩ። ሰውየው ይደበቃል፣ ያደባል፣ ሾልኮ ይወጣል፤ ግሱ በየመስመሩ ይለያያል፤ እነሱ ግን ሁሉንም «ተደበቀ» ብለው አለፉት። እንዲህ ካለፉት ታሪኩ ግማሹ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።

ቲቸር፣ ሃይድ እና ኮንሲል ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፈተና ላይ ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ገብተው አሳሳቱኝ።

ሃይድ ብቻውን መቆም ይችላል። «ሂ ሂድ አንደር ዘ ቤድ» ካልክ አልጋ ስር ተደበቀ ማለት ነው፣ አለቀ። ኮንሲል ግን የሚደበቀው ነገር እንዲጠራለት ይፈልጋል፦ ማስረጃ፣ ጠባሳ፣ መሣሪያ፣ እውነት። ሰውየው ራሱን ከሆነ የደበቀው «ሂምሰልፍ» ይጨመራል። ስለዚህ ግሱ በአድራጊ መልክ ከመጣ፣ ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ተደባቂ ነገር መኖሩን እይ፤ ከሌለ ኮንሲልን ሰርዘው። ቃሉም ከበድ ይላል፤ የፍርድ ቤትና የዜና ቋንቋ ነው።

ፕራውል፣ ለርክ፣ ስሊንክ። ሦስቱንም ሸምድጄ ሦስቱም ጠፉብኝ።

ሽምደዳውን ተወውና ጅቡን አስብ። እዚህ ከተማው ዳር ያለን ሰዎች ሲመሽ ከተራራው የሚወርደውን ጅብ እናውቀዋለን። በቆሻሻ ገንዳውና በጅምር ቤቶቹ መሃል እያሸተተ የሚበላ ፍለጋ ሲዞር፣ ያ ፕራውል ነው። እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዓላማው አደን ነው። መብራት የማይደርስበት ጥግ ይዞ ሲያደባ ለርክ ሆነ፤ እግሩ ቆሟል፣ ክፉ ሐሳቡ ግን አብሮት አለ። የጥበቃው ሰው ድንጋይ ሲወረውርበት ጭራውን ወሽቆ፣ አንገቱን ደፍቶ እልም ሲል ደግሞ ስሊንክ ነው፣ ኃላፊ ጊዜው ስለንክ። ስሊንክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ወይም ሐፍረት አለ። ስብሰባ ላይ ተዋርዶ በጓሮ በር የሚወጣ ሰውም ስሊንክ ያደርጋል።

ስከልክስ?

የለርክ ዘመድ ነው፤ ፈሪነት ወይም ተንኮል ይዞ መሸሸግ። ስታነቡ ብታውቁት ይበቃል።

ፊልም ላይ «ስነክ» ይላሉ፣ አስተማሪያችን ግን «ስኒክድ» ነው አሉን። ማን ልክ ነው?

ሁለቱም። የስኒክ፣ ማለትም ሹልክ የማለት፣ ኃላፊ ጊዜ ናቸው፤ ስኒክድ የቆየው ነው። ስነክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተነሣ ነው፤ ዛሬ እዚያ በሰፊው ይነገራል። ፈተና ላይ የአስተማሪህን ጻፍ። በነገራችን ላይ ስኒከር የምንለው ጫማ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው፤ የጎማ ሶሉ ኮቴ ስለማያሰማ።

ታዲያ ከክፍል ለመፎረፍ ስኒክ እንላለን?

መምህሩ ሳያዩህ ሾልከህ ከወጣህ «ስኒክ አውት» ትላለህ። ጭራሹን ሳትገባ ከቀረህ ግን «ስኪፕ ክላስ» ነው።

እህቴ አረብ አገር ቤት ሠራተኛ ናት። አሠሪዎቿ «አብስኮንድ አድርጋለች» ብለው አመልክተውባታል። ተደበቀች ማለት ነው?

እህቴ፣ ከዚያ የከበደ ስለሆነ በደንብ ልመልስልሽ። አብስኮንድ ማለት ከሕግ፣ ከውል ወይም ከዋስትና ሸሽቶ በድብቅ መጥፋት ነው፤ በውስጡ ክስ አለበት። በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ካፋላ በሚባለው የስፖንሰርነት ሥርዓት ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው። አሠሪው እንዲህ ብሎ ካመለከተ ሠራተኛዋ ፈቃዷን ልታጣ፣ ልትታሰር፣ ልትባረር ትችላለች። ግን ቃሉ የአሠሪው አቤቱታ እንጂ ፍርድ አይደለም። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ የወጣችም በዚሁ ቃል ትከሰሳለች። ስለዚህ መልስ ስትጽፉ ቃሉን እንዳትደግሙት። «ሺ ሌፍት» በሉ፣ ለምን እንደወጣችና መቼ እንደወጣች ጨምሩ። የውሏን ቅጂ ይዛችሁ ሳትዘገዩ እዚያ ላለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን አሳውቁ።

«ሺ ስቶል ኢንቱ ዘ ሩም» የሚል አነበብኩ። ምን ሰረቀች?

ምንም። ኮቴዋን አጥፍታ ገባች ማለት ነው። ድብቅነት ማለት የሆነው ስቴልዝም ከዚሁ ግስ ጋር ይዛመዳል። የታሪክ አጻጻፍ ነው፤ በንግግር ስኒክ ወይም ክሪፕ ይቀላል። ክሪፕ ዝግታው ይበልጣል፤ ለዋጋም ይሆናል፣ ቀስ እያለ ሳናስተውለው ሲወደድ። ቲፕቶ በእግር ጣት ጫፍ መራመድ ብቻ ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ኢንስታግራሟን ስቶክ ሳደርግ አደርኩ» እንላለን። ልክ ነው?

በጓደኛሞች መሃል ይገባል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮችም ወጣቶቹ ይሉታል። ግን መነሻው አዳኝ ታዳኙን በስውር መከተሉ ነው፤ ሰውን እየደጋገሙ እያስፈራሩ መከተል ደግሞ ወንጀል ነው። ካሊፎርኒያ በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሕግ አውጥታበታለች። ስለዚህ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ «ድርጅታችሁን ስቶክ አድርጌያለሁ» እንዳትል፤ «ሉክድ አፕ» በል። ሌላ ፍቺም አለው፦ «ሂ ስቶክድ አውት» ካሉ ሰውየው ተቆጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሁሉም እያየው ወጣ ማለት ነው።